የግሪፊዝ ስጦታና የብሮንሰን ዋሻ

በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ፣ በሆሊውድ ኮረብታዎች መካከል ብሮንሰን የሚባል ሸለቆ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1903 ጀምሮ ድንጋይ ሲፈለጥበት የኖረ ካባ ነበር። ሥራው በ1920ዎቹ መጨረሻ ሲቆም የተቆረጠው ገደልና ዋሻው ቀሩ፤ የፊልም ሠሪዎችም መጠቀሚያቸው አደረጉት። በ1956 በወጣው የጆን ፎርድ ፊልም «ዘ ሰርቸርስ» ጆን ዌይን ልጅቷን ከፍ አድርጎ የሚያነሣት በዚሁ ዋሻ ደጃፍ ነው። በ1966 በጀመረው የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም የባትማን መኪና የሚወጣውም ከዚያው ነው። ዋሻው ኮረብታውን በስቶ የሚያልፍ አጭር መተላለፊያ በመሆኑ፣ ማዶው እንዳይታይ ካሜራው በሰያፍ ይቆም ነበር።

ሸለቆውን የያዘው ሰፊ መናፈሻ በግሪፊዝ ጄንኪንስ ግሪፊዝ ስም ይጠራል። የእርሱም ሀብት የመነጨው ከማዕድን ነው። በ1850 በደቡብ ዌልስ ተወልዶ፣ ገና በጉርምስናው ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በሳን ፍራንሲስኮ የጋዜጣ የማዕድን ዘጋቢ ሆኖ ሠራ። የትኛው ጉድጓድ እንደሚያዋጣ ማወቁም ለባለሀብቶች አማካሪ፣ ኋላም ራሱን ባለጸጋ አደረገው። በ1882 የሎስ ፌሊዝን ርስት ገዛ፤ በ1896 ከዚሁ መሬት ከ1,200 ሄክታር የሚበልጠውን ተራው ሕዝብ እንዲዝናናበት ለከተማዋ በነጻ ሰጠ።

በካባው ሥራ በተጀመረበት በ1903 ዓመት ግን የግሪፊዝ ስም ጎደፈ። በድብቅ መጠጥ የተጠመደው ይህ ሰው፣ ሚስቱ ልትመርዘው እንዳሴረች በከንቱ ጠርጥሮ፣ በሳንታ ሞኒካ ሆቴል ውስጥ በሽጉጥ ተኮሰባት። ክርስቲና በመስኮት ዘልላ ከሞት ብትተርፍም አንድ ዓይኗን አጣች። ፍርድ ቤቱ የሁለት ዓመት እስራት ፈረደበት፤ እርሷም ፍቺ አገኘች።

ግሪፊዝ ከሳን ኩዌንቲን ወህኒ ቤት ሲወጣ ስለ እስረኞች አያያዝ መሻሻል ይሟገት ጀመር። በ1912 ለሕዝብ የሚሆን የከዋክብት መመልከቻ እንዲሠራ 100,000 ዶላር ለከተማዋ አቀረበ። ሰማይን በመነጽር የተመለከተ ሰው አስተሳሰቡ ይሰፋል ብሎ ያምን ነበር። ሆኖም በደም ከተበከለ እጅ ስጦታ መቀበል ለከተማዋ ነውር ነው ያሉ ሰዎች ተነሡ፤ ነገሩም ሳይፈጸም ቀረ። እርሱ ግን ገንዘቡን በኑዛዜ ትቶ በ1919 ሞተ።

ከተማዋ ስጦታውን የተቀበለችው ከሞቱ በኋላ ነው። የግሪክ ቴአትር የሚባለው አደባባይ በ1930፣ የከዋክብት መመልከቻውም በ1935 ተከፈቱ። ዛሬም ወደ መመልከቻው የሚገባ ሰው የመግቢያ ዋጋ አይከፍልም። ያም ሆኖ ስጦታው የክርስቲናን ዓይን አልመለሰም፤ በሎስ አንጀለስ የግሪፊዝ ስም ሲነሣ መናፈሻውም ወንጀሉም አብረው ይነሣሉ።