ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድና የፍትሐ ብሔር ሕጋችን

በክፍለ ከተማችን በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ እንደ ሌላውም የአዲስ አበባ ክፍል፣ ቤት የሚከራዩ ወይም ንብረት የሚሸጡ ሰዎች የሚፈርሙትን ወረቀት ብንመለከት፣ ብዙውን ጊዜ ውሉ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 መሠረት የጸና መሆኑን የሚገልጽ ቃል እናገኛለን። ወላጆቻችን ይህን ቁጥር ለምደውታል፤ ሕጉን ያረቀቁትን መምህር የሚያውቁ ግን ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የእኒህን ሊቅ ታሪክ ባጭሩ ልናቀርብ ወደድን።

ረኔ ዳቪድ እ.ኤ.አ. በ1906 በፓሪስ ተወለዱ። ሕግ ተምረው ገና በወጣትነታቸው በግሬኖብል ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኑ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በፓሪስ፣ ከ1968 ጀምሮም በኤክስ አን ፕሮቫንስ አስተማሩ። ልዩ ሙያቸው የልዩ ልዩ አገሮችን ሕግ ማነጻጸር ነበር። በ1964 ስለ ዓለም ታላላቅ የሕግ ሥርዓቶች ያሳተሙት መጽሐፍ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሟል።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የኢትዮጵያ መንግሥት የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲያረቁ ጠየቃቸው። እርሳቸውም በፈረንሳይኛ አረቀቁ፤ ኢትዮጵያውያን የነበሩበት ኮሚሲዮን መረመረው፤ ወደ አማርኛም ተተረጎመ። 3,367 ቁጥሮች ያሉት ይህ ሕግ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታወጀ፤ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮም ጸና።

ሥራው ግን ቀላል አልነበረም። አገራችን ከጥንት ጀምሮ ፍትሐ ነገሥት ነበራት፤ ሕዝቡም በየአካባቢው ልማድ በሽማግሌ ይዳኝ ነበር። ፕሮፌሰሩ ልማዱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ለመላው አገር አንድ ሕግ እንዲኖር ፈለጉ። ስለዚህ ሕጉ በቁጥር 3347 በውስጡ በተደነገጉት ጉዳዮች ላይ የነበረውን የልማድ ሕግ ሻረ። ይሁን እንጂ ልማድ በአዋጅ ብቻ አይሻርም፤ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ነገሩን በሽማግሌ ይጨርሳል። ሕጉም ራሱ የባልና የሚስት ፍቺን ለሽማግሌዎች ዳኝነት ትቶት ነበር።

መብት በሕግ ቢጻፍም የሚጠየቅበት መንገድ ካልታወቀ አይረባም። የክስ አቀራረብና የሙግት አካሄድ የሚመራበት የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በ1958 ዓ.ም. ተከተለ። ከዚያም ወዲህ ዘመኑ ብዙ ለወጠ፤ በ1967 ዓ.ም. መሬት የመንግሥት ሆነ፣ በ1992 ዓ.ም. አዲስ የቤተሰብ ሕግ ወጣ። የውል ሕጉ ግን ዛሬም ያገለግላል። ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ መሆኑን ይነግረናል።

ፕሮፌሰር ዳቪድ በ1976 የኤራስመስ ሽልማት ተሰጣቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ዐረፉ። ከታሪካቸው የምንማረው፣ ሕግን የውጭ ሊቅ ሊያረቀው እንደሚችል ነው፤ የአገር ሕግ የሚያደርገው ግን የሚያነበው፣ የሚተረጉመውና በቃሉ የሚታመነው ሕዝብ ነው። እኛም ነገ ስንፈርም አንብበን፣ ስንፈርድ መርምረን እንድንሆን ትምህርታችንን እንትጋበት።