ብርድን ሸሽቶ ደሴት የመረጠው ደራሲ፦ የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን የመጨረሻ ዓመታት

ባሕር ዳር፦ ኅዳር 24/2017 ዓ.ም

ስኮትላንዳዊው ደራሲ ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን በደቡብ ፓሲፊክ በምትገኘው ሳሞአ ካረፈ በዲሴምበር 3 ቀን 2024 130 ዓመት ሞላው። በዘመናችን ጡረታ ሲወጡ ቀሪ ዕድሜያቸውን ፀሐይ በማይጠፋበት ደሴት ለማሳለፍ የሚያቅዱ የበለጸጉ ሀገራት ዜጎች ጥቂት አይደሉም። ስቲቨንሰን ይህንን ምርጫ ሲመርጥ ገና የ39 ዓመት ሰው ነበር። ያስገደደው ደግሞ ሕመም ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።)

ስቲቨንሰን በኖቬምበር 13 ቀን 1850 በኤዲንብራ ከተማ ተወለደ። ለወላጆቹ አንድያ ልጅ ነበር። አያቱም አባቱም በስኮትላንድ የባሕር ጠረፍ መርከቦችን ከአደጋ የሚጠብቁ የመብራት ማማዎችን በመገንባት ስማቸው የተጠራ መሐንዲሶች ነበሩ። እርሱም የቤተሰቡን ሙያ ይወርስ ዘንድ ምህንድስና ጀመረ፤ ኋላም ወደ ሕግ ትምህርት ዞሮ በ1875 ለጥብቅና በቃ። ልቡ ግን በሥነ ጽሑፍ ተይዞ ነበር። በ1883 በመጽሐፍ የታተመው “ትሬዠር አይላንድ” እና በ1886 የወጣው የዶክተር ጄኪልና የሚስተር ሃይድ ታሪክ በዓለም ዙሪያ አሳወቁት።

ይሁን እንጂ ከልጅነቱ ጀምሮ ደረቱ ደካማ ነበር። ሳል፣ ትኩሳትና ደም መትፋት አልጋ ላይ ይጥሉት ነበር። በ1880 ካገባት አሜሪካዊት ባለቤቱ ከፋኒ ጋር የሚስማማውን አየር ፍለጋ ከአገር አገር ተንከራተተ። በስዊዘርላንድ ተራሮች በዳቮስ ሁለት ክረምት አሳለፈ፤ በደቡብ ፈረንሳይ ዬር ተቀመጠ፤ በእንግሊዝ የባሕር ጠረፍ በቦርንመዝ ሦስት ዓመት ያህል ኖረ። በ1887 አባቱ ሲሞቱ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በኒው ዮርክ ግዛት ሳራናክ ሐይቅ አጠገብ ብርቱ ብርድ ያለበትን አንድ ክረምት ገፋ። ፈጽሞ ያዳነው ስፍራ ግን አልነበረም።

በጁን 1888 ከእናቱ፣ ከባለቤቱና ከእንጀራ ልጁ ጋር “ካስኮ” በተባለች የኪራይ ጀልባ ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ፓሲፊክ ቀዘፈ። የማርኬሳስ ደሴቶችን፣ ታሂቲንና ሃዋይን አየ። በታሂቲ በጠና ቢታመምም፣ በሞቃታማው የባሕር አየር ጤናው ከቀድሞው ይልቅ እየበረታ ሄደ። በዲሴምበር 1889 ሳሞአ ደረሰ። በኡፖሉ ደሴት፣ ከአፒያ ከተማ በላይ በሚገኝ ኮረብታ ላይ 127 ሔክታር የሚሆን ደን የለበሰ መሬት ገዛ። ስፍራው ቫይሊማ ይባላል።

ምርጫው በአየር ንብረት ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በአፒያ አካባቢ የሙቀቱ መጠን ዓመቱን ሙሉ ከ27 ዲግሪ ሴልሺየስ ብዙም አይርቅም፤ ለደረት ሕመምተኛ የሚያሰጋ ውርጭ የለም። ኮረብታው ደግሞ ከጠረፉ ይልቅ ነፋሻማ ነው። ነገር ግን ደራሲ የሚኖረው በብዕሩ ነውና የጻፈው ለንደንና ኒው ዮርክ መድረስ ነበረበት። በሳን ፍራንሲስኮና በሲድኒ መካከል የሚመላለሱት የፖስታ መርከቦች በሳሞአ በኩል ማለፋቸው ከሌሎች ደሴቶች አስመረጣት። በ1890 ወደ ሲድኒ ሲሻገር ሕመሙ ዳግም ስለተነሣበት፣ ወደ ትውልድ አገሩ ተመልሶ መኖር እንደማይችል ተረዳ።

ደሴቲቱ የራሷ አደጋ ነበራት። እርሱ ከመድረሱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በማርች 1889፣ ብርቱ አውሎ ነፋስ በአፒያ ወደብ የነበሩ የጀርመንና የአሜሪካ የጦር መርከቦችን ሰባብሮ ብዙ መርከበኞችን ገድሎ ነበር። በዓመት ወደ 3 ሺህ ሚሊ ሜትር የሚጠጋው ዝናብና የእሳተ ገሞራ አፈሩ የተተከለውን ሁሉ ያበቅላሉ፤ አረሙንም እንዲሁ። የተመነጠረው መሬት በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ዱር ይሆናል። ዕድሜውን በአልጋ ላይ የገፋው ሰው በቫይሊማ ገጀራ ይዞ ጥሻ መነጠረ፤ አረም ነቀለ፤ ፈረስ ጋለበ። ፋኒም ካካዎ አስተከለች፤ የጓሮ አትክልቷንም በትጋት ተንከባከበች።

ካካዎ ፍሬ ለመስጠት ዓመታትን የሚጠይቅ ተክል ነው። እርሻው ወጪውን ሳይሸፍን ቀረ። ሰፊው የእንጨት ቤት፣ የቤተሰቡ ቀለብና የሠራተኞች ደመወዝ ሁሉ በብዕሩ ላይ ተጣለ። ስለዚህ ያለ ዕረፍት ጻፈ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከጻፋቸው ሥራዎች አያሌዎቹ የሚተርኩት ስለ ስኮትላንድ መሆኑ ሥጋው በቆላ፣ ልቡ በደጋ እንደነበር ያሳያል።

በደሴቲቱ ሲኖር ከጎረቤቶቹ ጉዳይ ራሱን አላገለለም። ጀርመን፣ ብሪታንያና አሜሪካ በሳሞአ ላይ ይፎካከሩ ነበር። ስቲቨንሰን የውጭ ሹማምንቱን አስተዳደር በመንቀፍ ወደ ለንደን ጋዜጣ ጻፈ፤ በ1892ም ስለ ሳሞአ ችግር መጽሐፍ አሳተመ። በ1893 በተነሣው ጦርነት አለቃው ማታአፋ ተሸንፈው በግዞት ሲወሰዱ፣ ተከታዮቻቸው የነበሩ ባላባቶች በአፒያ ታሰሩ። ደራሲው እስር ቤት ድረስ እየሄደ ጠየቃቸው፤ ምግብና ትምባሆም አቀረበላቸው። በ1894 ሲፈቱ ያለ ክፍያ፣ በራሳቸው ጉልበት ወደ ቤቱ የሚያደርስ መንገድ ሠሩለት። የፍቅር ልብ መንገድ ተብሎም ተሰየመ። የሳሞአ ሰዎች ስቲቨንሰንን የሚጠሩት ቱሲታላ፣ ማለትም ተረት ጸሐፊ፣ እያሉ ነበር።

መንገዱ ሲመረቅ ስቲቨንሰን ለባላባቶቹ ያስተላለፈው መልእክት ስለ መሬት ነበር። አገሩን የሚጠብቅ ሰው መንገድ የሚያወጣ፣ ለምግብ የሚሆን ዛፍ የሚተክልና ምርቱን የሚሰበስብ እንደሆነ ነገራቸው። መሬታቸውን ካላለሙት ሌሎች እንደሚወስዱት አስጠነቀቃቸው።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። በዲሴምበር 3 ቀን 1894 ጠዋት ሲጽፍ ውሎ፣ ማታ ከባለቤቱ ጋር እራት ሲያዘጋጅ በድንገት ወደቀ። የገደለው ዘመኑን ሁሉ የፈራው የደረት ሕመም አልነበረም፤ በአንጎሉ ውስጥ የፈሰሰ ደም ነበር። ዕድሜው 44 ነበር። የሳሞአ ወዳጆቹ ሌሊቱን በአስከሬኑ ዙሪያ ሲጠብቁ አደሩ፤ በማግስቱም በደኑ ውስጥ መንገድ መንጥረው፣ እየተፈራረቁ ተሸክመው በቫኤያ ተራራ አናት ላይ ቀበሩት። በ1914 ያረፈችው የፋኒ አመድም በቀጣዩ ዓመት ከአጠገቡ ተቀመጠ።

ማስጠንቀቂያው እውን ለመሆን አምስት ዓመት ብቻ ፈጀበት። በ1899 ጀርመንና አሜሪካ ደሴቶቹን ተከፋፈሉ፤ የቫይሊማ ቤትም የጀርመን ገዥ መኖሪያ ሆነ። ኒውዚላንድ በ1914 ደሴቲቱን ስትይዝ የእርሷ አስተዳዳሪዎች ተተኩ። ምዕራባዊ ሳሞአ ነጻነቷን ያገኘችው በ1962 ነው። የስቲቨንሰን ቤት ካረፈበት መቶኛ ዓመት ጀምሮ ቤተ መዘክር ሆኖ ጎብኚ ይቀበላል፤ ወደ መቃብሩ የሚወስደው ቀጭን መንገድም ዛሬ ድረስ ይረገጣል።