አንድ እጅ የቀረው ሐኪምና የበግ ትል

ስለ ክፉ ቀን ያልሰማ በመካከላችን የለም። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ አገራችን ገብቶ ከብቱን የፈጀው ደስታ የተባለው በሽታ ወደ ደቡብ ወርዶ በ1896 ትራንስቫል ደረሰ። እዚያ ከገጠሙት ሐኪሞች አንዱ አርኖልድ ታይለር ነበር። እኔን ወደዚህ ሰው የሳበኝ ግን ወረርሽኙ ሳይሆን ማንም የማያወራለት የበግ ትል ነው።

ታይለር በ1867 ስዊዘርላንድ፣ ፍሪክ ተወለደ። በ1891 ደቡብ አፍሪካ በገባ ብዙም ሳይቆይ የእርሻ ማሽን ግራ እጁን ቆረጠው። ሌላ ሰው ቢሆን ጓዙን ጠቅልሎ በተመለሰ ነበር። እሱ ግን በ1893 ለጆሃንስበርግ የፈንጣጣ ክትባት አዘጋጀ፤ ደስታ ሲመጣም ከብቶችን በሴረም ለማዳን ደከመ። በ1908 ፕሪቶሪያ አጠገብ የኦንደርስቴፖርት የእንስሳት ምርምር ተቋም ሲከፈት ኃላፊው እሱ ሆነ።

ባልደረባው ቬሊያ ሄሞንከስ የተባለውን ትል ከእንቁላሉ ጀምሮ ተከታትሎ ውጤቱን በ1915 ያሳተመው በዚሁ ተቋም ነው። ትሉ ቢበዛ 3 ሴንቲ ሜትር ነው። በግና ፍየል አራተኛ የሆድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ደም ይመጣል። ሴቷ በቀን ከ5,000 እስከ 10,000 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ከበጠጡ ጋር ወጥቶ ይፈለፈላል፤ እጩ እርጥብ ሳር ላይ ይወጣል፤ በጉ ሲግጥ አብሮ ይውጠዋል። እኛ አካባቢ በክረምት የበግ አገጭ ስር ሲያብጥ ብርድ መታው ይባላል። ብርድ ሳይሆን ደሙ አልቆ ውሃ ቋጥሮ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ መድኃኒት ብቻውን መች ይበቃል? በጉ ታክሞ እዚያው ሳር ላይ ከተለቀቀ እንደገና ይያዛል፤ ትሉም መድኃኒቱን እየለመደው ይሄዳል። በጉን ብቻ ሳይሆን ሳሩንም ማየት ያስፈልጋል።

ታይለር በ1914 የሰርነት ማዕረግ አገኘ፤ በ1936 ሉሰርን ውስጥ አረፈ። ልጁ ማክስ በቢጫ ወባ ክትባት በ1951 የኖቤል ተሸላሚ ሆነ። ደስታም በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ፤ ያ ትልቅ ዜና ነበር። ትሉ ግን ዛሬም ሳሩ ላይ አለ። በግ አንድ በአንድ ሲሞት ዜና አይሆንማ! እኛ ዜና የምንማር ልጆች ብናስብበት ደስ ይለኛል።