አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ፦ አደራ ተቀብሎ አደራ ያስረከበ ሊቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ቃለ እግዚአብሔርን ያስተማሩንን አባቶች እንድናስብ፣ የኑሯቸውንም ፍሬ ተመልክተን በእምነት እንድንመስላቸው አዝዞናል (ዕብ. 13፥7)። ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ትእዛዝ ጠብቃ ሰማዕታትን በሰማዕትነታቸው፣ ጻድቃንን በተጋድሏቸው፣ ሊቃውንትን በትምህርታቸው ስታስብ ኖራለች። ከሊቃውንቱ መካከል ግን ድምፃቸው በዐውደ ምሕረት ብዙም ሳይሰማ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ከመጽሐፍ ፊት ተቀምጠው ዕድሜያቸውን የጨረሱ አሉ። ከእነዚህ አንዱ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ናቸው። ስማቸውን የማያውቅ የአብነት ተማሪ የለም፤ ሕይወታቸውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

አለቃ ኪዳነ ወልድ በሸዋ ተወልደው በአገራቸው ሥርዓት የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ከተማሩ በኋላ፣ ገና በወጣትነታቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተሰደዱ። ዘመኑ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የተጀመረው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ሕንፃ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የተፈጸመበት፣ ኢትዮጵያውያን መነኰሳትም በዴር ሡልጣን ርስታችንን አንለቅም ብለው በችግር የጸኑበት ነበር። በቅድስት ከተማ ሠላሳ ዓመት ገደማ ኖሩ። ሕይወታቸውን ለአንድ ሥራ ያሰረውን ሰው ያገኙትም በዚያው ነው፤ እኒህም መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ነበሩ።

መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ በግእዝ ዕውቀታቸው ከአገር ውጭም የታወቁ ሊቅ ነበሩ። በሮም የኢትዮጵያን ቋንቋዎች ያጠና የነበረው ኢጣሊያዊው ሊቅ ኢኛትስዮ ጒዲ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን ሲያዘጋጅ የረዱት እርሳቸው ናቸው። እኒህ መምህር የራሳቸው ሐሳብ ነበራቸው። የግእዝን ግስ ከነርባታውና ከነምሥጢሩ አንድ አድርጎ የሚይዝ፣ ለኢትዮጵያውያን በኢትዮጵያዊ ሊቅ የተዘጋጀ መዝገበ ቃላት ሊያቆሙ ጀመሩ። ሥራው ግን ከአንድ ሰው ዕድሜ በላይ ሆነ። ዕረፍታቸው በተቃረበ ጊዜ ጅምሩን ለደቀ መዝሙራቸው ለኪዳነ ወልድ በአደራ ሰጡ።

እዚህ ላይ ማስተዋል ያስፈልጋል። ደቀ መዝሙሩ የመምህራቸውን ጽሑፍ በክብር አስቀምጠው የራሳቸውን መንገድ መያዝ ይችሉ ነበር፤ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር። እርሳቸው ግን አደራውን እንደ ቀንበር ተሸከሙት። ዕብራይስጡን፣ ሱርስቱን፣ ዐረቡንና ጽርዑን ከግእዙ ጋር እያስተያዩ፣ የአንዱን ቃል ዘመድ በሌላው እየፈለጉ፣ የመምህራቸውን ጅምር አስፋፉት።

በኋላም አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ስላስጠሯቸው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። መኖሪያቸው ድሬዳዋ ሆነ፤ በዚያ በነበረው በቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤትም የትንቢተ ሕዝቅኤልን ንባብና ትርጓሜ ለኅትመት አበቁ። ከቃል ወደ ቃል ሲተላለፍ የኖረው የመጻሕፍት ትርጓሜ በማተሚያ መኪና ወጥቶ በምእመናን እጅ መግባት በጀመረበት በዚያ ዘመን፣ ይህ ታላቅ አገልግሎት ነበር። መዝገበ ቃላቱን ማዘጋጀታቸውንም አላቋረጡም።

የአለቃን ሥራ ጥቅም ለመረዳት መጽሐፉን መግለጥ ይበቃል። አዲስ ተማሪ መጀመሪያ ግር ይለዋል፤ ፊደሉ እንደ ለመደው ከሀ ሳይሆን ከአ ይጀምራልና። አለቃ የጥንቱ ተራ አበገደ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ከዕብራይስጡ አሌፍ ቤት ጋር የሚስማማውም እርሱ ነው። ቃሉም የሚገኘው በመነሻ ፊደሉ ሳይሆን በግሱ ነው። መጽሐፍ የሚለውን የሚሻ ጸሐፈ ከሚለው፣ መቅደስ የሚለውን የሚሻ ቀደሰ ከሚለው ዘንድ ይሄዳል። ስለዚህ መጽሐፉ ፈላጊውን ወደ ሥሩ ሳያደርሰው አይለቀውም።

ከሁሉ ይልቅ የደከሙበት ደግሞ የፊደላት ጉዳይ ነው። ዛሬ በድምፅ አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ በግእዝ የየራሳቸው ሥፍራና ምሥጢር አላቸው። ሰረቀ ሲባል የሰው ገንዘብ ወሰደ ማለት ነው፤ ሠረቀ ሲባል ግን ወጣ፣ ተገለጠ ማለት ነው፤ ለፀሐይም ይነገራል። አመት አገልጋይ ሴት ስትሆን ዓመት የዘመን መስፈሪያ ነው። እመቤታችንን ለምኚልን ስንል ሰአሊ እንላለን፤ ይህን በሠና በዐ የጻፈ ሰው ግን ሳያውቅ ሥዕል ሣዪልን ብሎ ይማጸናል። አለቃ ይህን ሁሉ በየሥፍራው የለዩት ለቋንቋ ውበት ብቻ አይደለም። የፊደል ስሕተት በጸሎትና በትርጓሜ ገብቶ ምሥጢር እንዳያፋልስ ነው።

አለቃ ኪዳነ ወልድ በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ መጽሐፉ አልታተመም ነበር። እርሳቸውም እንደ መምህራቸው ጅምሩን ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አስረከቡ። አለቃ ደስታ የጐደለውን ሞልተው፣ የተበተነውን ሰብስበው፣ መምህራቸው ካረፉ ከ12 ዓመት በኋላ በ1948 ዓ.ም. መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ በሚል ስም በአዲስ አበባ አሳተሙት። የራሳቸውን ታላቅ ሥራ፣ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላትን፣ ለኅትመት ያበቁት ከዚያ በኋላ በ1962 ዓ.ም. ነው። አንደኛው ጀመረ፣ ሁለተኛው አስፋፋ፣ ሦስተኛው ፈጸመ፤ ከሦስቱ ሁለቱ የድካማቸውን ፍሬ በዐይናቸው አላዩም።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ከዚህ ሕይወት ምን እንማር? መጀመሪያው የአደራን ክብር ነው። እኛ የጀመርነውን እኛው ካልፈጸምነው፣ ስማችንም ካልተጻፈበት የሚያስቈጨን ብዙዎች ነን፤ በሰበካ ጉባኤም ሆነ በሰንበት ትምህርት ቤት አንዱ የጀመረውን ተተኪው አፍርሶ እንደ አዲስ ሲጀምር አይተናል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ግን የሌላውን ጅምር እንደ ራሳቸው ይዘው፣ የራሳቸውን ድካም ደግሞ ለሌላው ሰጡ።

ሁለተኛው መምህራንን በሕይወት ሳሉ ማክበር ነው። ዛሬም በየገዳማቱና በየአድባራቱ የቅኔ፣ የዜማና የመጻሕፍት መምህራን በደሳሳ ጎጆ ተቀምጠው፣ አኩፋዳ ተሸክመው ቁራሽ የሚለምኑ ተማሪዎችን ያስተምራሉ። ሲያርፉ ቀብራቸው ይደምቃል፤ የሕይወት ታሪካቸው ይነበባል፤ ስለ ሐውልት ይወራል። በሕይወት ሳሉ ግን ልብሳቸውን፣ ቀለባቸውን፣ የመድኃኒታቸውን ዋጋ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በብራና ወይም በደብተር የያዙት ጽሑፍስ ማን ይረከበዋል? መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ኪዳነ ወልድን ባያገኙ፣ አለቃ ኪዳነ ወልድም ደስታን ባያገኙ፣ ያ መጽሐፍ ዛሬ በእጃችን ባልነበረ።

እንግዲህ እያንዳንዳችን በአጥቢያችን ያሉትን መሪጌታ፣ የኔታ፣ ዲያቆናትን ያስተማሩ አረጋዊ ካህን እንፈልግ። እንጎብኛቸው፤ የሚያስፈልጋቸውን እንጠይቃቸው፤ ልጆቻችንንም ከእግራቸው ሥር እናስቀምጥ። ለመምህር ከሁሉ የሚበልጠው ክብር አደራውን የሚቀበል ደቀ መዝሙር ማግኘት ነውና።

የሊቃውንት አባቶቻችን በረከት ይደርብን፤ አደራቸውንም ለመጠበቅ እግዚአብሔር ያብቃን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።