ዋጊኖስ የማን ነው?

ጣና ዳር በተቀመጥኩ ቁጥር ጄምስ ብሩስ ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1730 የተወለደው ይህ ስኮትላንዳዊ ተጓዥ በ1770 ጎንደር ገባ፤ በዚያው ዓመት ጢስ ዓባይንና ግሽ ዓባይን አየ። ከተቅማጥ ያዳነውን የአገራችንን ዋጊኖስ ለአውሮፓ ሲያስተዋውቅ፣ ተክሉ በሳይንስ ስሙ ብሩሲያ ተባለ።

ዕፅዋቱን ይስልለት የነበረው ግን ጣሊያናዊው ሉዊጂ ባሉጋኒ ነው። ግሽ ድረስ አብሮት ተጉዞ በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ግን ባሉጋኒ ከግሽ ጉዞ በፊት እንደሞተ አድርጎ ጻፈ። እሱም በ1794 ከደረጃ ወድቆ አረፈ።

ሕግ እንደተማረ ሰው የብሩስን ድካም አልክድም። የባሉጋኒን ድርሻ ታሪክ መልሶለታል። ዋጊኖስን አስቀድሞ ለይቶ፣ ስም አውጥቶ፣ መድኃኒትነቱን ያሳየው ያገሬ ሰው ግን እስከዛሬ ስም የለውም።