ስሙ የጠፋበት ሕፃን፤ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወትና ለእኛ ለዕጩ መምህራን ያለው ትምህርት

በራስ መተማመን ከየት ይመጣል? ይህ ጥያቄ ለእኛ ለዕጩ መምህራን የፈተና ጥያቄ ብቻ አይደለም። የማስተማር ልምምድ ሲቃረብ በየመኝታ ክፍሉ የምንጨዋወተው ይኸንኑ ነው። ጠመኔ ይዞ ስልሳ ሰባ ተማሪ ፊት መቆም ቀላል ነገር አይደለማ! አንዳንዶቻችን በራስ መተማመን ከጥሩ ልብስ፣ አንዳንዶቻችን ከጥሩ ውጤት፣ ሌሎቻችን ደግሞ ከታወቀ ቤተሰብ የሚገኝ ይመስለናል። እኛ ከጎብዬና ከቆቦ አካባቢ የመጣን ሰልጣኞች ደግሞ ሌላም እንጨምርበታለን። የገጠር ልጆች መሆናችንና አነጋገራችን ከከተማ ልጆች ፊት ያሳንሰን ይሆን እያልን እንሰጋለን።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆናል ብለን የአንድ ሰው ሕይወት ለዚህ የግድግዳ ጋዜጣ አቅርበናል። ሰውየው በልጅነታቸው ቤተሰባቸውን፣ አገራቸውን፣ ቋንቋቸውን፣ ስማቸውን እንኳ ሳይቀር አጥተው ነበር። እኚህ ሰው በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተብለው የሚታወቁት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። ታሪካቸው የጀመረው ጎንደር ቢሆንም ዕጣቸው የተወሰነው በእኛው በወሎ ምድር፣ በመቅደላ አምባ ላይ ነው።

ወርቅነህ በ1857 ዓ.ም. ገደማ ጎንደር ውስጥ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ከዘመዶቹ ጋር ወደ መቅደላ መጣ። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝና አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲሠዉ፣ በዚያ ሁሉ ግርግር መካከል ሕፃኑ ከወገኖቹ ተለያየ። ዕድሜው ሦስት ዓመት ገደማ ነበር። የእንግሊዝ መኮንኖች አገኙትና ቻርልስ ቻምበርሌይን የተባለ ኮሎኔል ወሰደው።

ያ ጦር ሲመለስ የሄደበት መንገድ በዋድላና በላስታ ደጋ አድርጎ፣ ከእኛ ቆላ በስተሰሜን ባለው በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ አልፎ፣ እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ እስከ ዙላ የሚደርስ ነበር። ከመቅደላ ብዙ ቅርስና ብራና ተጭኖ እንደወጣ ሁላችንም በታሪክ ትምህርት ተምረናል። ከቅርሱ ጋር ሕፃናትም እንደሄዱ ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? የንጉሡ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በወጣትነቱ እዚያው ሞተ፤ አጽሙም እዚያው ቀረ። ወርቅነህ ደግሞ ወደ ሕንድ ተወሰደ።

ቻምበርሌይን ብዙም ሳይቆይ ሞተ። የልጁን ትምህርት ማርቲን የተባለ ሌላ ኮሎኔል ተረከበ። ልጁም ከአንደኛው ቻርልስን፣ ከሁለተኛው ማርቲንን ወስዶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። አስቡት እንግዲህ! ስሙ የሌሎች፣ ቋንቋው የሌሎች፣ አገሩም የሌሎች ሆነ። ከአማርኛ አንድም የቀረው ነገር አልነበረም። ማን ነህ ቢባል የሚመልሰው ምን ነበረው?

ይሁን እንጂ ትምህርት ነበረው። በሚስዮን ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ ላሆር ወደሚገኘው የሕክምና ኮሌጅ ገባና በ1874 ዓ.ም. ተመረቀ። ከዚያም ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ ትምህርቱን አዳበረ፤ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር በሕንድና በበርማ በሐኪምነት አገለገለ። ደመወዙ ጥሩ፣ ኑሮው የተደላደለ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ረግቶ፣ ወልዶ ከብዶ በቀረ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን በአንቱታ እንቀጥላለን፤ ሕፃኑ ሐኪም ሆነዋልና።

የካቲት 1888 ዓ.ም. የአድዋ ድል ዓለምን ሲያስደንቅ ዶክተር ማርቲን ኢትዮጵያዊ መሆናቸውን ያውቁ ነበር። የትኛው ቤተሰብ ልጅ እንደሆኑ ግን አያውቁም። ከድሉ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1891 ዓ.ም. ገደማ፣ አዲስ አበባ ገቡ። ድንኳን ተክለው በሽተኛ ማከም ጀመሩ። በመቅደላ ጊዜ የጠፋ ልጅ ሐኪም ሆኖ መጣ የሚለው ወሬ በየአቅጣጫው ሲዛመት አያታቸው ጆሮ ደረሰ። አሮጊቷ መጥተው በልጅ ልጃቸው ገላ ላይ የነበረውን የልጅነት ጠባሳ አይተው ለዩዋቸው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ወርቅነህ የሚለው ስም ወደ ባለቤቱ ተመለሰ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ የተረት መጨረሻ ይመስል ነበር። ነገር ግን አላበቃም። ሐኪም ወርቅነህ አማርኛን እንደ ባዕድ ሰው ከሀ ጀምረው መማር ነበረባቸው። ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የነበራቸው ግንኙነት ስላልተቋረጠ አንዳንዶች በጥርጣሬ ዓይን ያዩዋቸው ነበር። በእንግሊዞች ዘንድ ኢትዮጵያዊ፣ በኢትዮጵያውያን ዘንድ ፈረንጅ ሆነው ለብዙ ዓመታት በበርማና በኢትዮጵያ መካከል ተመላለሱ። የአፄ ምኒልክ ጤና በታወከ ጊዜም ከሐኪሞቻቸው አንዱ ነበሩ። ጠቅልለው የመጡት ጡረታቸውን ከያዙ በኋላ በ1911 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፎ ነበር።

ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሰው ምን ይጀምራል? ብዙው ሰው ዕረፍት ይጀምራል። እሳቸው ግን ሥራ ጀመሩ። ሚያዝያ 1917 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። የማስተማሪያ መጽሐፍ እጥረቱን ሲያዩ በአማርኛ የጂኦግራፊ መጽሐፍ አዘጋጁ። እኛ መምህር ልንሆን የምንማር ሰዎች ይህን ልብ ልንለው ይገባል። ቋንቋውን ከጎልማሳነት በኋላ የተማሩ ሰው፣ በዚያው ቋንቋ ለሕፃናት መጽሐፍ አዘጋጁ። መጽሐፍ የለም ብለው እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም።

የባሪያ ንግድና ባርነት በዚያ ዘመን የአገራችን ትልቅ ቁስል ነበር። በ1916 ዓ.ም. ባሮችን ቀስ በቀስ ነፃ የሚያወጣ አዋጅ ቢወጣም፣ ነፃ የወጣው ልጅ ወዴት ይሂድ? ማን ያስተምረው? ሐኪም ወርቅነህ ፍቅርና አገልግሎት የሚባል ማኅበር አቋቁመው ነበር፤ ነፃ የወጡ ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤትም ሠርተዋል። እሳቸው ራሳቸው ከወገን ተለይተው በሰው እጅ ያደጉ ነበሩና የእነዚያን ልጆች ብቸኝነት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሳቸው ሕይወት ያውቁት ነበር ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የማኅበሩን ስም እናስተውል። ፍቅርና አገልግሎት! ሰው ለራሱ ኑሮ የመረጠውን መመሪያ እንዲህ በሁለት ቃል መናገር ሲችል ብዙ ነገር ይቀልለታል። የትኛው ሥራ ይሻለኛል፣ ሰው ምን ይለኛል፣ ብሳሳትስ የሚለው ጭንቀት ሁሉ በአንድ ጥያቄ ይመዘናል፦ ይህ ነገር ፍቅርና አገልግሎት ነው ወይስ አይደለም?

በ1920 ዓ.ም. ለመንግሥት ጉዳይ ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በጣና ሐይቅ መውጫ ላይ ግድብ ስለማሠራት ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለው የኒውዮርክ ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ። በሃርለም የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያንንም አግኝተው ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ። ግድቡ ግን ያን ጊዜ ሳይሠራ ቀረ። በ1922 ዓ.ም. ገደማ የጨርጨር ገዥ ሆነው ተሾሙ። ዋና ከተማውን አሰበ ተፈሪን፣ ዛሬ ጭሮ የምትባለውን፣ ማዕከል አድርገው መንገድ በማሠራትና አስተዳደሩን ሥርዓት በማስያዝ አውራጃውን ለሌላው ምሳሌ እንዲሆን ደከሙ።

ከዚያ የመከራው ዘመን መጣ። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ስትወር ሐኪም ወርቅነህ በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ። ነገሩን ስናስበው ይገርመናል። በሦስት ዓመታቸው ከመቅደላ የወሰዳቸው የእንግሊዝ መንግሥት፣ አሁን በሰባ ዓመታቸው ስለ አገራቸው ቆመው አቤት የሚሉበት መንግሥት ሆነ። ገንዘብ፣ መድኃኒትና መሣሪያ ለማግኘት በየበሩ ቢንከራተቱም የተገኘው ከሚያስፈልገው ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። አገሪቱ ተያዘች።

ከሁሉ የከፋው ግን ገና ነበር። ቢንያምና ዮሴፍ የተባሉ ሁለት ልጆቻቸው በእንግሊዝ አገር ተምረው ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው ነበር። በምዕራብ ኢትዮጵያ ጥቁር አንበሳ የተባለውን የአርበኞች ማኅበር ተቀላቀሉ። ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ከራስ እምሩ ጋር በጠላት እጅ ወደቁ። የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በተማሩ ወጣቶች ላይ በወረደው እልቂት ሁለቱም ተገደሉ። አባት ባሕር ማዶ ሆነው ይህን መርዶ ሰሙ።

ወገኖች፣ እዚህ ላይ እውነቱን መነጋገር አለብን። ጥሩ መመሪያ ያለው ሰው ሁልጊዜ ያሸንፋል የሚል ጽሑፍ ስናነብ እንሰለቻለን፤ እውነት አይደለማ! የሐኪም ወርቅነህ ሕይወት ይህን አያስተምርም። ግድቡ አልተሠራም። በለንደን ያደረጉት ጥረት ወረራውን አላስቆመም። ያስተማሯቸው ልጆቻቸው በመማራቸው ምክንያት ተገደሉ። እንዲህም ሆኖ በ1934 ዓ.ም. አገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላ ሐኪሙ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። እርጅና ተጭኗቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውን በበላችው ምድር ላይ ለመኖር መጡ። በ1945 ዓ.ም.፣ ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው በኋላ፣ እዚሁ አገራቸው ላይ ዐረፉ። ታዲያ መመሪያቸው ድልን ባይሰጣቸው ምን ሰጣቸው? ከሽንፈት ማግስት ተነስተው የሚሄዱበትን አቅጣጫ ሰጣቸው። ለእኛ በራስ መተማመን ማለት ይኸው ነው።

በራያ ቆላ ያደግን ልጆች ይህን በምሳሌ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም። በእኛ አገር ዝናብ በሜዳው ላይ ሳይጥል ጎርፉ ከደጋው ይወርዳል። ቦዩን አስቀድሞ ያዘጋጀ ገበሬ ጎርፉን ወደ ማሽላው መርቶ ያጠጣዋል። ያላዘጋጀው ግን ያው ውሃ ማሳውን ጠርጎት ያልፋል። ውሃው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ቦዩ ላይ ነው። የሕይወትም ችግር እንደዚሁ ነው። መመሪያ ማለት ጎርፉ ከመምጣቱ በፊት የሚቆፈር ቦይ ነው።

ከዚህ አንፃር እኛ ሰልጣኞች ሦስት ነገር ልንወስድ እንችላለን።

አንደኛ፣ ማንነታችንን አንፈር። ሐኪም ወርቅነህ ለሠላሳ ዓመት ሲፈልጉት የኖሩትን ስም፣ ቤተሰብና ቋንቋ እኛ ስንወለድ ጀምሮ በእጃችን ይዘነዋል። የጎብዬ ልጅ ነኝ ማለት ከጥቁር ሰሌዳ ፊት የሚያሳንስ ነገር የለውም። ተማሪ የሚታዘበው የመምህሩን ትውልድ መንደር ሳይሆን የትምህርት ዕቅዱን ነው።

ሁለተኛ፣ የምናከብረውን ነገር በጥቂት ቃል ለይተን እንወቅ። ሐቀኝነት የሚል ሰው ያላወቀውን ጥያቄ ሲጠየቅ አያፍርም፤ አጥንቼ ነገ እመልስላችኋለሁ ይላል። ትጋት የሚል ሰው ማታ ይዘጋጃል። ለተማሪ መቆርቆር የሚል ሰው ከኋላ ወንበር የተቀመጠውን ዝምተኛ ልጅ ያያል። ፍርሃታችን የሚቀንሰው ስለ ራሳችን መጨነቁን ትተን ስለ ልጁ ማሰብ ስንጀምር ነው።

ሦስተኛ፣ መመሪያችን በሥራ ይታይ። ፍቅርና አገልግሎት የሚለው ስም በወረቀት ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ዛሬ አናነሳውም ነበር። ተመርቀን የምንመደብበት ትምህርት ቤት መኪና የማይደርስበት፣ መጽሐፍ የሚያጥርበት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ወደ ከተማ ለመዛወር ማመልከቻ በመጻፍ እንጀምራለን ወይስ በእጃችን ባለው ነገር ማስተማሪያ በመሥራት? መልሱ ዛሬ እዚህ ካልተዘጋጀ እዚያ ድንገት አይገኝም።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የሐኪም ወርቅነህ ስም ግን ከመቃብር በላይ ከመዋሉ በፊት ከጥፋት መፈለግ ነበረበት። እኛ ስማችንን አልጠፋብንም፤ የቀረን ሥራ መጨመር ነው።

ለልምምድ ከመውጣታችን በፊት እያንዳንዳችን የምንመራባቸውን ሁለት ወይም ሦስት ቃላት በደብተራችን ላይ እንድንጽፍ እናሳስባለን። ስንመለስም የትኛው ቃል በክፍል ውስጥ እንደ ጸናልንና የትኛው እንደ ከበደን ለመጻፍ የሚፈልግ ሁሉ የዚህ ጋዜጣ ቀጣይ እትም ክፍት ነው። መምህራኖቻችንም የመጀመሪያ ቀናቸውን እንዴት እንዳለፉት ቢያካፍሉን በደስታ እናነባለን።