የጓሮውን ነፋስ መብራት ያደረገው ቻርልስ ብራሽ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት የምትገኘው የክሊቭላንድ ከተማ ባለጸጎች መኖሪያቸውን የሚያንጹት በዩክሊድ ጎዳና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1888 ከእነዚያ ቪላዎች በአንዱ ጓሮ እንግዳ ነገር ቆመ። 144 የእንጨት ክንፎች ያሉት፣ ከዳር እስከ ዳር 17 ሜትር የሚሰፋ መንኮራኩር ነው። የተሸከመው ማማ ብቻውን 36 ቶን ገደማ ይመዝናል። ነፋስ እህል ሲፈጭና ውሃ ሲስብ ዘመናት አስቆጥሯል፤ ይህ መንኮራኩር ግን ኤሌክትሪክ ያመነጭ ነበር። የሠራውም የቤቱ ባለቤት ቻርልስ ፍራንሲስ ብራሽ ነው።

ብራሽ እ.ኤ.አ. በ1849 ከክሊቭላንድ ወጣ ብሎ ባለ እርሻ ተወለደ። ገና በልጅነቱ ኤሌክትሪክ ልቡን ስለሰረቀው፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ አርክ መብራት በገዛ እጁ ሠርቶ አብርቷል። በ1869 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በማዕድን ምህንድስና ተመረቀ። ለጥቂት ዓመታት በኬሚስትነትና በብረት ማዕድን ንግድ ቢሠራም ሐሳቡ ከዳይናሞ አልተለየም። በ1876 የሠራውን ዳይናሞ በወላጆቹ እርሻ ላይ ሲሞክር የማዞሩን ሥራ የሰጠው ለፈረስ ነበር።

ስሙን ያስጠራው ግን የመንገድ መብራት ነው። በሚያዝያ ወር 1879 በክሊቭላንድ አደባባይ 12 አርክ መብራቶችን አበራ። ከዚያ በኋላ የብራሽ መብራቶች በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ተተከሉ፤ በሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ ከእርሱ ዳይናሞ የመነጨ ኤሌክትሪክ ለደንበኞች ይሸጥ ጀመር። ብራሽን ባለጸጋ ያደረገው በአንድ ጣቢያ ተመንጭቶ በሽቦ የሚከፋፈል ኃይል ነው። ለገዛ ቤቱ ሲሆን ግን ከማንም ሽቦ ሳይጠጋ የጓሮውን ነፋስ መረጠ።

አሠራሩ ይህን ይመስል ነበር። ማማው መሬት ውስጥ በተተከለ የብረት ምሰሶ ላይ ስለሚሽከረከር፣ ግዙፉ ጭራ መንኮራኩሩን ወደ ነፋሱ ያዞረዋል። መንኮራኩሩ ዘገምተኛ ነው፤ በቺንጋዎች አማካይነት ግን እርሱ አንዴ ሲዞር ማማው ውስጥ ያለው ዳይናሞ 50 ጊዜ ይዞራል። ከፍተኛው ኃይል 12 ኪሎዋት ነበር፤ ለዚያ ሁሉ ግዝፈት ጥቂት ነው። ብዙ ክንፍ መደርደር ፍጥነትን እንደሚገታ፣ ጥቂት ክንፎች ያሉት መንኮራኩር ለኤሌክትሪክ የተሻለ እንደሆነ ያሳየው ከብራሽ ጥቂት ዓመታት በኋላ በዴንማርክ የተመራመረው ፖል ላ ኩር ነው።

የብራሽ ትልቁ ብልኃት ያለው ከማማው ይልቅ በምድር ቤቱ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ነፋስ የሚነፍሰው ሲፈልግ ነው፤ ሰው ደግሞ መብራት የሚሻው ሲመሽ ነው። ስለዚህ 408 የባትሪ ሕዋሳት በምድር ቤት ተደረደሩ። ዳይናሞው በቂ ፍጥነት ሲያገኝ ከባትሪዎቹ ጋር ራሱ ይገናኛል፣ ነፋሱ ሲደክም ራሱ ይለያል፤ አጠገቡ የሚቆም ሠራተኛ አያስፈልግም። በቤቱ 350 ያህል አምፖሎች፣ 2 አርክ መብራቶችና 3 ሞተሮች ነበሩ። ዛሬ ከኤሌክትሪክ መስመር ሳይገናኝ በጣሪያው ላይ የፀሐይ ሰሌዳ የዘረጋ ሰው በመሠረቱ ይህንኑ አሠራር ይከተላል፤ ያለ ባትሪ ሌሊቱን አያልፍምና።

ከብራሽ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ጄምስ ብላይዝ የተባለ ፕሮፌሰር በስኮትላንድ ሜሪከርክ መንደር ባለው የዕረፍት ቤቱ በነፋስ ኃይል ባትሪ እየሞላ መብራት አብርቶ ነበር። የተረፈውን ለመንደሩ መንገድ ልስጥ ቢል ነዋሪዎቹ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እምቢ አሉት። የክሊቭላንዱን ግን የሳይንስ መጽሔት በ1890 በአድናቆት ገለጸው። ያው መጽሔት ታዲያ አንባቢውን ማስጠንቀቁን አልዘነጋም፤ ነፋስ በነጻ ስለሚገኝ መብራቱም ርካሽ ነው ብሎ የሚያስብ ይሳሳታል፣ የመሣሪያው ዋጋ ከነዳጁ ቁጠባ ይበልጣልና። ይህ ፍርድ ልክ ነበር። መንኮራኩሩ የባለጸጋ ሥራ ነው፤ የድሃ ቤት ሊያበራ አይችልም ነበር።

ብራሽ ኩባንያውን በ1889 ለተፎካካሪው ሸጠ፤ ከተከታታይ ውህደቶች በኋላም የጄኔራል ኤሌክትሪክ አካል ሆነ። እርሱ በቤቱ ቤተ ሙከራ ምርምሩን ቀጠለ፤ በኋለኛ ዘመኑ በስበት ኃይል ላይ ያቀረበው ንድፈ ሐሳብ ግን ተቀባይነት አላገኘም። መንኮራኩሩ ለ20 ዓመታት ገደማ ቤቱን ሲያገለግል ቆይቶ፣ የከተማው የኤሌክትሪክ መስመር በተስፋፋበት ዘመን ሥራውን አቆመ። ብራሽ ሰኔ 1929 በ80 ዓመቱ አረፈ።